ዶሮ ሲያይ የሚደርቀው ጀግና፦ ጎባስተርስ፣ ሺንኬንጀር፣ ጄትማን ወይስ ዶንብራዘርስ?

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ ደወለና «ከእነዚህ ባለቀለም የጃፓን ጀግኖች አንድ ምረጥልኝ። አንድ ብቻ፤ ከዚያ በላይ ጊዜ የለኝም» አለኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን አንዱ ተከታታይ ወደ 50 ክፍል ነው፣ እያንዳንዱ ክፍልም ከ20 ደቂቃ ይበልጣል። ሲደመር 20 ሰዓት ገደማ ይመጣል። የማይሆን ነገር መርጬ የሰውየውን 20 ሰዓት ካቃጠልኩበት ስልኬን ድጋሚ አያነሳም።

የኔ ችግር ደግሞ ሌላ ነው። አፌ ላይ ቀድሞ የመጣው ስም ጎባስተርስ ነበር። ጎባስተርስ ጉድለቱ ብዙ ነው። መሀል ላይ ይሰነካከላል፣ ሁለተኛው አጋማሽ እንደ መጀመሪያው አይደለም። ይህን እያወቅኩ ነው የምሟገትለት። ስለዚህ ለጓደኛዬ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፈው፤ ከጎኑ ሦስት ሌሎች አስቀምጣለሁ፣ እናንተ ምረጡ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ለማታውቁት በአጭሩ፦ ሱፐር ሰንታይ የሚባለው በ1975 በጎሬንጀር የተጀመረ የጃፓን የቴሌቪዥን ተከታታይ ነው። የሚሠራው ቶኤይ ነው። በየዓመቱ ማለት ይቻላል ጀግኖቹ፣ ታሪኩና ልብሱ ሲቀያየሩ ኖረዋል። ቀዩ ግን አይጠፋም። ፓወር ሬንጀርስን ያየ ሰው ግማሹን አይቶታል፤ አሜሪካኖቹ በ1993 ሲጀምሩ የ1992ቱን የጃፓኑን ዙሬንጀር የውጊያ ምስል ወስደው ነው የራሳቸውን ተዋናዮች የጨመሩበት።

የእያንዳንዱ ክፍል አካሄድም ይታወቃል። ጭራቅ ይመጣል፣ ጀግኖቹ ልብስ ይቀይራሉ፣ ይመቱታል፣ ይሞታል። ከዚያ ተነስቶ ሕንፃ ያክላል። ሮቦቶቹ ይጠራሉ፣ ይገጣጠማሉ፣ በአንድ ሰይፍ ይጨርሱታል። በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት ያው ነው። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ልጆች ይህን ድግግሞሽ ይወዱታል። ትልቅ ሰው ግን አሥረኛው ክፍል ላይ ሰዓቱን ማየት ይጀምራል።

መጀመሪያ ደራሲውን ምረጡ

አራቱን ያመጣሁት በዘፈቀደ አይደለም። ሺንኬንጀርንና ጎባስተርስን በዋናነት የጻፈችው አንድ ሴት ናት፤ ያሱኮ ኮባያሺ። ጄትማንንና ዶንብራዘርስን ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ ቶሺኪ ኢኖዌ። ስለዚህ ምርጫው መጀመሪያ በሁለት ጠባይ መካከል ነው።

ኮባያሺ እንደ ጥሩ ሒሳብ ሠራተኛ ናት። በሦስተኛው ክፍል ያስቀመጠችውን ነገር በአርባኛው ታነሳዋለች። ሰዎቿ ሥራቸውን ያከብራሉ፣ ስሜታቸውን ዋጥ ያደርጋሉ፣ ሲፈነዳ ግን አንጀት ይበላል። ኢኖዌ በተቃራኒው ቤቱን አተራምሶ የሚሄድ እንግዳ ነው። ሰዎቹ ይቀናሉ፣ ይጣላሉ፣ ምግብ ላይ ይከራከራሉ። አንድ ነገር ጀምሮ ሊረሳው ይችላል። ግን ሲናገሩ እውነተኛ ሰው የሚናገር ይመስላችኋል።

ሥርዓት የምትወዱ ከሆነ ወደ ኮባያሺ ሂዱ። ትርምስ የማያስጨንቃችሁ ከሆነ ወደ ኢኖዌ።

ሺንኬንጀር፦ ስህተት ለማይፈልግ

በ2009 የወጣ፣ 49 ክፍል። ሳሙራዮች ናቸው። ቀዩ ታኬሩ የሺባ ቤተሰብ ጌታ ነው፣ አራቱ ደግሞ በዘር የወረሱት አሽከሮቹ። ሰማያዊው ሪዩኖሱኬ የካቡኪ ተዋናይ ነበር፤ ሥራውን ጥሎ ነው የመጣው። ኃይላቸው ጽሑፍ ነው። ብሩሽ አንስተው አየር ላይ ፊደል ይጽፋሉ፣ «እሳት» ብለው ከጻፉ እሳት ይሆናል። ጠላቶቻቸው የሚመጡት ሙታን ይሻገሩታል ከሚባለው የሳንዙ ወንዝ ነው፤ ከወንዙ ርቀው ከቆዩ ይደርቃሉ፣ ስለዚህ ውጊያው መሀል ጥለው ይመለሳሉ። ብልህ ነገር ነው። ጠላት ለምን ሮጦ እንደሄደ ሰበብ መፈለግ ቀረ።

የጭራቁ ትንሣኤ እንኳ ምክንያት አለው። ሁለት ነፍስ አለው፤ የመጀመሪያው ሲያልቅ ሁለተኛው ገዝፎ ይነሳል። ድግግሞሹን ኮባያሺ አልነካችውም፣ ልብስ ብቻ አለበሰችው።

ወደ መጨረሻው አካባቢ ስለ ታኬሩ የሚወጣ አንድ ነገር አለ። አልነግራችሁም። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ብታዩ ፊቱ ላይ ሌላ ነገር ታነባላችሁ።

ታዲያ ለምን ለጓደኛዬ ይህን አልመረጥኩለትም? ምክንያቱም ሺንኬንጀር ጠበቃ አያስፈልገውም። ንጹሕ ነው። አንዳንዴም ከመጠን በላይ ንጹሕ ነው፤ እንግዳ መቀበያ ሳሎን ውስጥ እንደመቀመጥ። እግር ሰቅሎ መቀመጥ የለም። ስጦታ ልስጥ ካላችሁ፣ ወይም የማታውቁት ሰው ምርጫ ከጠየቃችሁ፣ ይህን ስጡ። አታፍሩበትም።

ጎባስተርስ፦ ጉድለቱ የት እንዳለ እያወቅኩ

በ2012 የካቲት የጀመረ፣ 50 ክፍል፣ በተከታታዩ 36ኛው። ከእሱ በፊት የነበረው ጎካይጀር የ35ኛ ዓመት ድግስ ነበር፤ የድሮ ጀግኖች በሙሉ የተጠሩበት። ድግሱ አልቆ ሁሉም ጠግቦ በወጣበት ነው ጎባስተርስ የገባው። ከሠርግ ማግስት የሚቀርብ ምሳ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ታውቃላችሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኤነትሮን የሚባል ኃይል ከተማውን ያንቀሳቅሳል። ከ13 ዓመት በፊት፣ በገና ሰሞን፣ አንድ የምርምር ማዕከል ከነሳይንቲስቶቹ ወደ ሌላ ዓለም ተወስዶ ቀረ። ሦስት ልጆች ብቻ ተረፉ፤ ሰውነታቸው ውስጥ ማዕከሉን ከያዘው የኮምፒዩተር ቫይረስ የሚከላከል ፕሮግራም ተጭኖባቸው። ያኔ ሂሮሙ 7 ዓመቱ፣ ዮኮ 3፣ ሪዩጂ 15 ነበሩ። ሂሮሙ ለትንሿ ዮኮ ሁሉንም እንደነበረ እመልሰዋለሁ ብሎ ቃል ገባላት። አሁን 20፣ 16 እና 28 ዓመታቸው ነው። አምስት አይደሉም፣ ሦስት ናቸው።

የተጫነባቸው ፕሮግራም ኃይል ሰጣቸው፤ ቀዩ ይፈጥናል፣ ሰማያዊው ይጠነክራል፣ ቢጫዋ ትዘላለች። ግን ፕሮግራሙ እንከንም አለበት። ዮኮ ስኳር ካለቀባት ትወድቃለች፣ ስለዚህ ጣፋጭ ከእጇ አይለይም። ሪዩጂ ኃይሉን ካበዛ ይግላል፣ ራሱን መቆጣጠርም ያቅተዋል። ሂሮሙ ደግሞ ዶሮ ሲያይ ድርቅ ይላል። በቃ፣ ዶሮ። መሣሪያ ታጥቆ፣ ቀይ ጃኬት ለብሶ፣ ፊቱን አኮሳትሮ እየመጣ ዶሮ ካየ እንደ ሐውልት ይቆማል። እኛ አገር ቢሆን የበዓል ዋዜማ ከቤት አይወጣም ነበር።

መጀመሪያ ቀልድ ነው የመሰለኝ። በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። በሌሎቹ ተከታታዮች ጀግናው የሚሸነፈው ጠላት ስለበረታ ነው። እዚህ ጀግናው የሚሸነፍበት ነገር ገና ልጅ ሳለ የገባበት ነው። ያዳነው ፕሮግራም ራሱ ነው የሚጥለው። ቡድኑም ይህን ያውቃል። የዮኮን ጣፋጭ ሌሎቹም ያስቡበታል፣ ሪዩጂ ሲግል የሚያቀዘቅዘው ይፈለጋል። በሰውየው ድካም አይስቁም፤ ሥራቸውን በእሱ ዙሪያ ያደርጉታል።

ትልቁ ድፍረት ግን የውጊያው አሠራር ነው። እዚህ ጭራቁ አይገዝፍም። ኤንተር የሚባለው ጠላት አንድ ዕቃ ላይ ቫይረስ ይጭናል፣ ዕቃው ጭራቅ ይሆናል። ያኔውኑ ግዙፍ ሮቦት ከሌላኛው ዓለም መላክ ይጀምራል፤ ግን ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል። ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ከታች ጭራቁን እየተዋጉ ከላይ የሚወርደውን ይጠብቃሉ። ማን መሬት ላይ ይቅር? ማን ሮቦት ውስጥ ይግባ? ሦስት ሰው ነው ያለው። አንዳንዴ ጭራቁ ሳይሞት ሮቦቱ ይደርሳል፣ ሁለቱም ውጊያ በአንድ ጊዜ ይካሄዳል። አዛዡ ኩሮኪና ኦፕሬተሮቹ የሚያወሩትም ስለዚህ ነው። የእሳት አደጋ ጣቢያ ውስጥ የተቀመጣችሁ ይመስላችኋል።

ሮቦቶቹም ቢሆኑ በመጀመሪያው ክፍል አይገጣጠሙም። የቀዩ ሮቦት ብቻውን ይዋጋል። ግጥምጥሙ ክፍሎች ቆይቶ ሲመጣ እንደ ከባድ ቀዶ ጥገና ነው የሚታየው፣ እንደ ጭፈራ አይደለም።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳያችሁ። ወደ 15ኛው ክፍል አካባቢ ማሳቶ ጂን የሚባል ሰው ይመጣል። ባለ ወርቅ ቀለም ነው፤ ብርማው ጓደኛው ደግሞ ሮቦት ነው፣ አፉ የማያርፍ ሮቦት። ጂን ከ13 ዓመት በፊት ከጠፉት ኢንጂነሮች አንዱ ነው። የሚታየው ግን እውነተኛ አካሉ አይደለም፤ ከወዲያኛው ዓለም የተላከ ምስል ነው፣ ፊቱም 27 ዓመቱ ላይ ቆሟል። እውነተኛ ዕድሜው 40 ነው። ሪዩጂ ደግሞ በልጅነቱ እንደ ጂን ኢንጂነር መሆን ይመኝ የነበረ ልጅ ነው። አሁን 28 ሆኖ ፊቱ በአንድ ዓመት ከሚያንሰው መምህሩ ጋር ቆሟል። ማንም ይህን አፍ አውጥቶ አያስረዳችሁም። ሪዩጂ ሲያየው ብቻ ተመልከቱ።

ጂንን የሚጫወተው ሂሮያ ማትሱሞቶ በ2005ቱ ማጂሬንጀር ቢጫው ነበር። የድሮ ተመልካች ሲያየው ፈገግ ይላል።

እሺ፣ አሁን ጉድለቱ። አልሸሽም።

ሠላሳኛው ክፍል ላይ ታሪኩ ጫፍ ይደርሳል። ቡድኑ ወደ ሌላኛው ዓለም ይገባል። ሂሮሙ ለ13 ዓመት የጠየቀው ጥያቄ መልስ ያገኛል፣ መልሱም ጣፋጭ አይደለም። ከቴሌቪዥኑ ፊት ዝም ያስብላችኋል። እሺ፣ ከዚህ በኋላ ምን ይመጣል? 31ኛውና 32ኛው ክፍል የጠፈር ሸሪፍ ጋቫን የሚባል የሌላ ተከታታይ ጀግና እንግዳ ሆኖ ይመጣል፣ ሊወጣ ላለው ፊልሙ። ለቅሶ ቤት ሳላችሁ አንዱ ገብቶ የሎተሪ ቲኬት እንደመሸጥ ነው። የልጆች ፕሮግራም እንጀራውን ከየት እንደሚያገኝ አውቃለሁ። ግን ሁለት ሳምንት ቢታገሱ ምን ነበረበት?

ከዚያ በኋላ ተከታታዩ አቅጣጫ ይፈልጋል። የኤንተር ጌታ የሆነው ዋናው ጠላት ወድቋል፣ የእሱ ቅሪት የተቀመጠባቸው ካርዶች ይፈለጋሉ፣ የሰዓት ቆጠራው ውጥረትም ይላላል። የመክፈቻ ዘፈኑ ተቀይሮ ደስ ደስ የሚል ሆነ። የመጫወቻው ሽያጭም ከጎካይጀር ዓመት አንሶ ነበር። በዚህ ዓለም መጫወቻ ካልተሸጠ ሮቦቱ ይበዛል፣ ቀለሙ ይደምቃል፣ ታሪኩ ይጎተታል። ስፌቱ የታየው እዚያ ነው።

ሆኖም ሁለተኛው አጋማሽ ባዶ አይደለም። ኤንተር እያደገ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ «ሳ ቫ?» እያለ ፈረንሳይኛ ጣል የሚያደርግ ቄንጠኛ ተላላኪ ነበር። ጌታው ሲጠፋበት የራሱ ፍላጎት ይወጣዋል፤ የሰውን ልጅ እየገለበጠ ሙሉ መሆን ይፈልጋል። እና የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ከጂን ጋር የሚዘጉት ሒሳብ አለ። ኮባያሺ መሀል ላይ የጣለችውን መዝገብ መጨረሻ ላይ አንስታ ትጨርሰዋለች። መሀሉን ታግሶ ያለፈ ሰው አይከፋበትም።

ጉዳዩን የባሰ አስቂኝ የሚያደርገው ይህ ነው። የጎባስተርስ መሣሪያ ልብስ ሲያስቀይር የሚናገረው «ኢትስ ሞርፊን ታይም» ነው፤ የአሜሪካኖቹ የ1993 መፈክር። ጃፓኖቹ ሰላምታ ልከው ነበር ማለት ነው። አሜሪካኖቹ ደግሞ ዘለሉት። ከጎባስተርስ ቀጥሎ ያለውን ኪዮሪዩጀር ወስደው በ2015 ዳይኖ ቻርጅን ሠሩ። ተመልሰው የመጡት በ2019 ነው፣ ቢስት ሞርፈርስ በሚል። እዚያ ቀዩ የሚደርቀው ዶሮ ሲያይ ሳይሆን ውሻ ሲያይ ነው። ውሻ ደግሞ ማንንም ያስፈራል። ቀልዱም ኀዘኑም ዶሮው ላይ ነበር። ልጆቻችሁ የሥር ጽሑፍ ማንበብ ካልቻሉና እንግሊዝኛ ከሰሙ ቢስት ሞርፈርስ ክፉ መተኪያ አይደለም። በተረፈ ዋናውን እዩ።

ጄትማን፦ ፍቅርና ቅናት

በ1991 የጀመረ፣ 51 ክፍል፣ ኢኖዌ። የሰማይ ኃይል የሚባል ድርጅት አምስት የሠለጠኑ ሰዎችን ጀግና ሊያደርግ ነበር። ጠላት መጣና ጣቢያውን መታው፣ ጨረሩም ሸሽቶ አራት የማይመለከታቸው ሰዎች ላይ አረፈ። አንዱ ገበሬ፣ አንዷ የሀብታም ልጅ፣ አንዷ ተማሪ፣ አንዱ ደግሞ ቁማርና ሴት የሚወድ፣ ማንንም የማይሰማ ጋይ የሚባል ሰው። የሠለጠነው ሪዩ ብቻ ነው። እሱም ፍቅረኛውን በዚያው ቀን አጥቷል።

ከዚያ ወዲያ የፍቅር ጣጣ ነው። ጋይ ካኦሪን ይወዳል፣ ካኦሪ ሪዩን፣ ሪዩ ደግሞ የጠፋችዋን። ቀይና ጥቁር ጀግኖች በቡጢ ሲማቱ ታያላችሁ፤ ጠላቶቹም እርስ በርስ ይቀናናሉ። ቤት ውስጥ አብሮ የሚታይ ድራማ ለሚወድ ሰው ከአራቱ የሚቀርበው ይህ ነው።

ጉድለቱ? ምስሉ አርጅቷል፤ ያረጀው ነገር ግን ይለመዳል። ሌላው ቶሎ አይለመድም፦ አንድ ሳምንት ልብ የሚሰብር ነገር ታያላችሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የፈጣን ኑድል ጭራቅ ይመጣል። እኔ በበኩሌ ወደድኩት፤ ባለቤቴ ግን እዚያው ላይ ተነስታ ሄደች። የመጨረሻው ክፍል ላይ ግን ጠርቻት አየችው። ሠርግ አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ። ከዚያ በላይ አልናገርም።

ዶንብራዘርስ፦ ሁለተኛችሁ ይሁን

በ2022 የወጣ፣ 50 ክፍል፣ ያው ኢኖዌ፣ ከ31 ዓመት በኋላ። መነሻው ሞሞታሮ የሚባለው የጃፓን ተረት ነው። ቀዩ ታሮ ዕቃ አድራሽ ነው፣ መዋሸት አይችልም፤ ከዋሸ እዚያው ይሞትና ጥቂት ቆይቶ ይነሳል። ሰማያዊው ገንዘብ መንካት አይችልም፣ ግጥም ግን ያወርዳል። ሮዙ ባለትዳር የቢሮ ሠራተኛ ነው። የቡድኑ አባላት ለረጅም ጊዜ አይተዋወቁም፤ የሚፈልጉት ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ቡና ይጠጣል።

በጣም ያስቃል። ግን የሚያስቀው የሰንታይን ሕግ ለሚያውቅ ሰው ነው፤ ሕጉን ሳታውቁ ሲጣስ ምኑ ያስቃል? የተከፈቱት ክሮች ሁሉም አይቋጠሩም። የመጀመሪያ ምርጫችሁ ካደረጋችሁት «ይሄ ሰውዬ ጤነኛ ነው?» ትሉኛላችሁ። አንድ ሌላ አይታችሁ ኑበት።

ለጓደኛዬ ያልኩት

እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ የትኛውን ጉድለት ትችላለህ? ጉድለት ጨርሶ አልችልም ካልክ ሺንኬንጀር። የድሮ ምስልና የስሜት መወዛወዝ ካላስቸገረህ ጄትማን። መሀሉ የሚሰነካከል ግን ሌላው ያልደፈረውን የደፈረ ካማረህ ጎባስተርስ።

ጎባስተርስን ለሚጀምር የኔ አካሄድ ይህ ነው። እስከ 30 ሳትዘሉ እዩ፤ ጂን ከመጣ በኋላ ሁለት ሦስት ክፍል አይታችሁ ካልያዛችሁ ተዉት፣ አልቀየምም። ከ30 በኋላ አንድ ቀን እረፉ። 31ንና 32ን ዝለሉ፤ ታሪኩ አይጎድልም። ቀጥሎ ያሉትን ምሳ እየበላችሁ፣ ልብስ እየተኮሳችሁ እዩ። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ መተኮሻውን ንቀሉ።

ጓደኛዬ ስምንት ቀን ጠፋ። ትናንት ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ መልእክት ላከ፦ «ዶሮ አይቶ ደረቀ እኮ! ምን ዓይነት ጀግና ነው የላክብኝ?» ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሌላ መጣ፦ «ይቺ ልጅ ጣፋጯ አልቆባታል፣ ቆይ እደውልልሃለሁ።» እስካሁን አልደወለም።